የአያቶቻችንን ተረት ይዘን ወደ ጠፈር፦ ለጀማሪ ጸሐፊዎች

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማታ ማታ ልብወለድና ግጥም እጽፋለሁ። የምጽፈው የወሎን ተረትና አፈ ታሪክ ይዞ ገና ወዳልመጣው ዘመን የሚሻገር ነገር ነው። ጠፈር አለበት፣ ሮቦት አለበት፣ ማርስ ላይ ጎጆ የወጣ ወሎዬ አለበት። ተማሪዎቼም፣ ጽሑፌን ያነበቡ ወጣቶችም ደጋግመው የሚጠይቁኝ «እንዲህ ያለ ታሪክ ከየት ይጀመራል?» እያሉ ነው። እስቲ እኔ የምሠራበትን መንገድ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ መንኮራኩሩን ተዉት። ብዙ ጀማሪ መንኮራኩሩን አሳምሮ ይስልና በኋላ ተረት ፈልጎ ይለጥፍበታል። ተረቱ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከተረቱ ጀምሩ። ተረት ሁሉ ሕግ አለው፤ «ይህን ካደረግህ ይህ ይደርስብሃል» ይላል። ሳይንስም ሕግ አለው። ታሪካችሁ ያለው እነዚህ ሁለት ሕጎች የሚላተሙበት ቦታ ላይ ነው። እኔ የማውቀው ሙያ ይኸው ነው።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ በዚያ ተደስተው ከተማዋን ደሴ አሏት ይባላል። ጊዜው የ1875 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ኮከቡ እውነተኛ ነው። በዚያ መስከረም በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር በብዙ አገር ታይቷል። ፀሐይን ታክኮ ሲያልፍ ግን ተሰባበረ። ቁርጥራጮቹ ዛሬም በየመንገዳቸው እየሄዱ ነው፤ የሚመለሱት ከ2500 ዓ.ም. ወዲያ ነው። ንጉሡ ያዩት አንድ ነበር፣ የሚመለሱት ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ ከደሴ በላይ ያለው ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ የሚያያቸው ማን ነው? እንደ ንጉሡ ደስ ይለዋል ወይስ ይሸሻል? ይኸው፣ ታሪክ ተጀመረ።

አሁን ተረት ወደ መሰብሰቡ። ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ሄዳችሁ «ተረት ይንገሩን» ካላችሁ የጦጣና የጅቡን ለልጆች የሚነገረውን ትሰማላችሁ። ስለ ቦታ ጠይቁ። የቱ ገደል ይፈራል? ከየትኛው ዛፍ እንጨት አይቆረጥም? ደግሞ አቦሉ ላይ አትቸኩሉ። ሰው የሚከፈተው ቶናው አልፎ በረካው ሲደርስ ነው። አንዲት እናትን «እማማ፣ ከመሸ ከዚህ ምንጭ ለምን አይቀዳም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዋ! ባለቤት አለው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እሺ» ብሎ ያልፋል። አትለፉ። ባለቤቱ ምን ይወዳል? ምን ያስቆጣዋል? ከተቆጣ በምን ይታረቃል? ሦስቱን መልሶች ካገኛችሁ የተረቱን ሕግ ያዛችሁ ማለት ነው። ያንኑ ተረት ከሌላ ሰው ደግማችሁ ስሙ። እኛ ጋ ጎረቤታሞች አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም ናቸው፤ አንዱን ምንጭ በሁለት መንገድ ያወሩታል። የሚለያዩበትን ቦታ አስምሩበት። ስልካችሁን ደብቃችሁ ግን አትቅረጹ፤ አስፈቅዱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ በሐይቅ ተረት ላሳያችሁ። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው የደሴ ሰው ያውቀዋል። ተረቱ እንዲህ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች። አንዲት ልዕልት በደለቻት። እግዚአብሔር በበደሉ ተቆጣና በሴትየዋ ዙሪያ ያለውን መሬት ሁሉ ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከነቤተ ዘመዷ ሰጠመች። ሴትየዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ቀረ። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው ይባላል።

ሕጉን እናውጣው። «የተበደለ ሰው የተቀመጠበት መሬት አይሰጥምም።» ይህ አይነካም። ልዕልቲቱ ሌላ ሰው ልትሆን ትችላለች፣ ዘመኑ ሊቀየር ይችላል፣ ሕጉ ግን እንዳለ ይቆያል። ሕጉን ከነካችሁት ከሐይቅ የመጣ ሰው ታሪኩን አንብቦ «ይሄ የኛ አይደለም» ይላችኋል። እውነቱን ነው።

ቀጥሎ የቦታውን ሳይንስ አጥኑ። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከኛ በስተ ምሥራቅ፣ ዳገቱን ወርደን ስናልፍ፣ የአፋር ዝቅተኛ ቦታ አለ። እዚያ ሦስት የምድር ንጣፎች እየተራራቁ ነው። አዘቦቱን የሚራራቁት በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. ላይ ግን አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ተከፈተ። ቅልጥ ዐለት ከሥር ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ ገፍቶ ለያየው። ይህ ሁሉ የሆነው በሳምንታት ውስጥ ነው።

አሁን ሁለቱ ይላተሙ። ተረቱ «ወዲያው ውሃ ሆነ» ይላል። ምድር ስትፈጥን ያየነው ግን በሳምንታት ነው። እኔ እዚህ ላይ ለሳይንሱ ለቀቅሁለት፤ ውሃው ቀስ እያለ እንዲመጣ አደረግሁ። ያን ጊዜ ተረቱ ፈጽሞ ያልገጠመው ጥያቄ መጣብኝ። ሴትየዋ ለሳምንታት ምን ትበላለች? መነሳት አትችልም። መሬቱ የሚጸናው እሷ ስትቀመጥበት ነው፤ ከተነሳች ይሰጥማል። እንግዲያው ምግብ የሚያመላልስላት ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ያ ሰው በተረቱ ውስጥ የለም። የወለደው ሳይንሱ ነው።

በኔ ታሪክ ዘመኑ 2300 ዓ.ም. ነው። ልዕልቲቱ የሐይቁን ውሃ የምታከፋፍል ሹም ናት። ነፍሰ ጡሯ ስሟ መዝገብ ላይ የለም ተብላ ውሃ ተከለከለች። ከሹሟ በር ፊት ተቀመጠች፣ አልነሳም አለች። መሬቱ መሰንጠቅ ሲጀምር ምግብ የሚያመላልስላት የሹሟ ልጅ ነው። መጀመሪያ ቀን ውሃውን ዘሎ ይሻገራል። በኋላ በጀልባ ይሆናል። በየቀኑ ገመድ ይዘረጋና ስፋቱን ይለካል፤ ለያንዳንዱ ቀን አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ገመዱ ሲያልቅበት ሌላ ይቀጥልበታል። ቋጠሮዎቹ እየተራራቁ ሲሄዱ አንባቢው አደጋውን በጣቱ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ውሃው በፍጥነት ይሰፋ ነበር» ብዬ አልጻፍሁም።

ሴትየዋ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ምጥ ሲመጣ ትነሳለች ወይስ አትነሳም? ይህን ሳስብ አዋላጇን አመጣኋት። እናቶቻችን ቁጢጥ ብለው ወይም ተንበርክከው ይወልዱ ነበር። አዋላጇም ሴትየዋን ከቦታዋ ሳታነሳ አዋለደቻት። ሕፃኑ እዚያው መሬት ላይ ተወለደ። እሱስ አልተበደለም ወይ? እሱ ሲቀመጥበትስ መሬቱ ይጸናል? የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል የተነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው።

አያችሁ፣ አዲስ ሰው፣ ገመድ፣ አዋላጅ፣ ሕፃን፤ አንዱንም ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ «ምን ልፍጠር» ብዬ አላመጣሁትም። ሁሉም የመጡት «ወዲያው» በ«ሳምንታት» ሲተካ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህ የምወደው ነው። የሁለቱም ሃይማኖት ሰው ረጅም እንቅልፍ የተኙ ሰዎችን ታሪክ ያውቃል። ሙስሊሙ አስሐቡል ከህፍን፣ ዋሻ ውስጥ የተኙትን ወጣቶች፣ ያውቃል፣ ጁምዓ ጁምዓ ሱራውን ይቀራል። ክርስቲያኑ አቤሜሌክን ያውቃል። አቤሜሌክ ለበሽተኞች በለስ ሊያመጣ ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለ። 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ በለሱ እንደ ትኩስ ነበር።

«ይህ እኮ የብርሃን ፍጥነት ነው!» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥሩ፣ እንቁጠረው። በብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ የሚበር መንኮራኩር ውስጥ አንድ ዓመት ሲያልፍ ምድር ላይ ወደ ሰባት ዓመት ያልፋል። ምድር ላይ 66 ዓመት እንዲያልፍ ተጓዡ ዘጠኝ ዓመት ከፍ ያለ ጊዜ መንገድ ላይ መቆየት አለበት። በለስ ዘጠኝ ዓመት አይቆይም። አንድ ቀን ብቻ እንዲያልፍበት ከፈለጋችሁ ፍጥነቱ ከብርሃን ያነሰው ከቢሊዮን አንድ እጅ በታች መሆን አለበት። በዚያ ፍጥነት በጠፈር ውስጥ የተበተነችው እያንዳንዷ የሃይድሮጂን ቅንጣት እንደ ገዳይ ጨረር ትመታዋለች። ስለዚህ በፍጥነት አይሆንም። ቁጥሩ በሩን ዘጋው።

ታዲያ በማቀዝቀዝስ? ሥጋ ሲበርድ ችግሩ በረዶው ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ሕዋሱን ይቀድደዋል። ግን ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የምትኖር አንዲት የዱር እንቁራሪት አለች። ክረምት ላይ ገላዋ በረዶ ይሠራል፣ ልቧ ይቆማል፣ በጸደይ ትነሳለች። የሚያድናት ጉበቷ ወደ ሕዋሶቿ የሚልከው ስኳር ነው። ስኳር! አቤሜሌክ በእጁ የያዘው ምን ነበር? በለስ። እንደዚህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ብዕራችሁን አስቀምጡና ትንሽ ተራመዱ። በኔ ታሪክ በለሱ ስንቅ መሆኑ ቀረ፤ እንቅልፉን የሚያስችለው መድኃኒት ራሱ ሆነ። በተረቱም በለሱ ለበሽተኞች ነበር። አልጠመዘዝሁትም።

አስሐቡል ከህፍ ላይ ደግሞ ሌላ ስጦታ አለ። ሱራው የተኙት 300 ዓመት፣ ዘጠኝም ተጨመረ ይላል። 300 የፀሐይ ዓመት በጨረቃ አቆጣጠር 309 ዓመት ይሆናል፤ አስሉት፣ ይገጥማል። አንድ መንኮራኩር ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በፀሐይ አንዱ በጨረቃ የሚቆጥሩ፣ ስንት ዓመት እንደተኙ ሲከራከሩ ይታያችሁ።

የዘመን አቆጣጠር ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን የታደልን ነን። በቀን ሦስት ካሌንደር እናገላብጣለን፤ አይከብደንም። ይህን ተጠቀሙበት። የማርስ አንድ ዓመት በማርስ ቀን ሲቆጠር 668 ቀን ከግማሽ ይሆናል፣ ትንሽም ያልፋል። እንደኛ 30 ቀን እያላችሁ ብትከፍሉት 22 ወር ይወጣዋል። የቀረው ጳጉሜ ነው፤ አንዳንድ ዓመት 8፣ አንዳንድ ዓመት 9 ቀን። ማርስ ላይ ያለ ወሎዬ ልጅ ጳጉሜን እንዴት ያሳልፋታል? በጳጉሜ ጠበል የለመዱ እናቱ የሚፈስ ውሃ በሌለበት ፕላኔት ምን ያደርጋሉ? ለወራቱስ ምን ስም ይወጣላቸዋል? አንድ ምሽት ይህን ብቻ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ተአምሩን በልክ ስጡ። ይህን የተማርሁት ከድሮ መጻሕፍታችን ነው። ክብረ ነገሥት እነ ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሲመለሱ ሰዉም፣ እንስሳውም ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይሄድ ነበር ይላል። አንድ ክንድ። ሰማይ ጠቀስ አላለም። መጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት በሮች ቆጥሮ፣ ዓመቱን 364 ቀን ብሎ ይነግረናል። አንባቢ የሚያምነው ልክ ሲሰጠው ነው። እናንተም ሮቦታችሁ «በጣም ትልቅ ነው» አትበሉ። በሰኞ ገበያ ሲያልፍ የሸራው ጣራ የቱ ጋ እንደሚደርስበት ንገሩን።

እዚህ ላይ አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ሰው የሚሰግድለትን ነገር ዕቃ አታድርጉ። ታቦትን ባትሪ፣ የግሸንን መስቀል አንቴና፣ የአውሊያን በረካ ኤሌክትሪክ የሚያደርግ ታሪክ ቀርቦልኝ ያውቃል። ጸሐፊዎቹ ክፉ ሐሳብ የላቸውም። ግን መስከረም 21 ቀን ግሸን ለመውጣት በእግሯ የምትጓዝ እናት አለች፤ የዚያን ሰው እምነት «እናንተ ሳታውቁት ማሽን ነበር» ብሎ ማፍረስ ሥነ ጽሑፍ አይደለም። ምሥጢሩ ምሥጢር ይሁን። ሳይንሱን በዙሪያው አቁሙት። ሴንሰሩ ይለካ፣ ቁጥሩ አልገጥም ይበል፣ ሊቁ ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጥበት።

ስለ ጠፈር ለመጻፍ ጠፈር መሄድ አይጠበቅባችሁም፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ይበቃል። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ደሴ ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ ክደኑ። ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ኮምቦልቻ ውረዱ። 600 ሜትር ከፍ ያለ ቁልቁለት ነው። ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ምራቅ ስትውጡ ይከፈታል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጠርሙሱን እዩት፣ ጎኑ ገባ ብሏል። የታችኛው አየር ጨምቆት ነው። የማርስ አየር ከኛ ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ጠርሙሱ እጃችሁ ላይ እያለ ስለዚያ ጻፉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ግጥም ላይ ልምጣ። የሳይንስ ግጥም ሲባል ብዙ ጊዜ የሳይንስ ቃላት ድርድር ሆኖ አየዋለሁ፤ ጋላክሲ፣ አቶም፣ ኳንተም። ቃሉን ተዉትና ሕጉን ወደ ቤት አስገቡት። የወል ቤት ምጣኔ፣ ስድስት ስድስት፣ ለዚህ ይመቸኛል። ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግቶ የሄደ ሰው ብዙም ሳያረጅ ይመለሳል፣ የጠበቀችው ግን አትቆየውም። ይኸው፦

አንተ ብርሃን ሆነህ፣ ሳታረጅ ብትመጣ፣
እኔን ከጦሳ ሥር፣ ካፈሩ ማን ያውጣ።

አንድም የፊዚክስ ቃል አልገባበትም። ጦሳ ግን አለ።

መንዙማንም ስሙ። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል። አሁን አውጪው ደሴ፣ ተቀባዩ ማርስ ይሁን። ድምፅ በሬዲዮ ማርስ ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል፤ መልሱ ለመምጣትም እንዲሁ። ስለዚህ ተቀባዩ የሚመልሰው አሁን ለወጣው ስንኝ አይደለም፣ ቀድሞ ላለፈው ነው። በዚህ ቅርጽ የጻፍሁት አንድ ቦታ እንዲህ ይሄዳል፦

ከደሴ፦ «ልጅህ ተወለደ፣ ስሙን ማን እንበለው?»
ከደሴ፦ «እናትህ ደከሙ፣ ዱዓ አድርግላቸው።»
ከማርስ፦ «እልል በሉልኝ! ዛሬ ነው ደስታዬ።»

እልልታው የመጣው ከደስታው በኋላ ነው፤ ያረፈው ግን ሐዘኑ ላይ ነው። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አላጠፋም። ርቀቱ ነው። ይህን ቅርጽ ውሰዱት፣ ሥሩበት።

ስም አወጣጥ ላይ አጭር ልበል። ገጸ ባሕሪዎቻችሁን «ዞርጋ» «ኤክስ ሰባት» አትበሏቸው። ወሎ ውስጥ አባቱ ተስፋዬ፣ ልጁ አሊ የሆነ ሰው ሞልቷል። ያ ስም ብቻውን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ይዟል። ሮቦቱንም ሰው እንዴት እንደሚጠራው አስቡ። እኛ ጋ ዕድሜው የገፋ ሮቦት «አንቱ» መባሉ አይቀርም፤ ልጆች «ጋሼ» ይሉታል። ቴክኖሎጂውንም ከሩቅ አገር አትዋሱት። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ያመጠቀችው ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው፤ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ምድርን ከላይ እንድታይ የተሠራች። ከሐይቅ ዳር ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ያቺን ሳተላይት ምን ይላታል? ከዚያ ተነሱ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለሁለት ሰው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። አንደኛው ተረቱን የነገሯችሁ ሰው ይሁኑ። ፊደል ባይቆጥሩም ጆሯቸው አይስትም፤ «እንዲህ አይደለም» ያሉበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ሁለተኛው ሳይንሱን የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ። እሱ «ይህ አይሆንም» ካለ ለምን እንደማይሆን እስኪያስረዳችሁ አትልቀቁት። ሁለቱ የተቃወሙት ያው ዓረፍተ ነገር ከሆነ ሰርዙት። አንዱ ብቻ ከተቃወመው ግን አትቸኩሉ፤ ሌላኛው ለምን እንደተቀበለው ጠይቁትና ያንን ክፍል እንደገና ጻፉት።